«ተረኛዋ ማን ነበረች?» ብቻ አይበቃም፦ የነርሶች የሥራ ሁኔታ እንዴት ይለካል?



በዚህ እትም የምጽፈው ስለ ነርሶች ነው። «የምህንድስና ተማሪ ስለ ነርስ ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። ከጀመዓችን እህቶችና ወንድሞች መካከል ነርሲንግ የሚማሩ ጥቂት አይደሉም። ዘንድሮ የሚመረቁት ከጥቂት ወራት በኋላ ኢንሻአላህ በአንድ ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆነው ይቆማሉ። ሌሎቻችን ደግሞ ዛሬ ባይሆን ነገ እናታችንን ወይም አባታችንን ይዘን እዚያው ዋርድ ውስጥ አስታማሚ ሆነን እንቀመጣለን። በዚያ ላይ ነገሩ የመለካት ጉዳይ ነው፤ መለካት ደግሞ የእኛ የምህንድስና ተማሪዎች የዕለት እንጀራ ነው።

ሙቀትን በቴርሞሜትር፣ ግፊትን በጌጅ፣ ጭነትን በሚዛን እንለካለን። «የሥራ ሁኔታ» የሚባለው ነገር ግን አይጨበጥም። ነርሷ ስትናገር ትሰማለች ወይ? ኃላፊዋ ከጎኗ ይቆማል ወይ? ሐኪሙ እንደ ባልደረባ ያያታል ወይ? ሥራውን የሚያዳርስ የሰው ኃይል አለ ወይ? ብዙ ሰው ይህን የስሜት ጉዳይ ያደርገውና «ነርሶች መቼ ረክተው ያውቃሉ» ብሎ ያልፋል። ሆኖም ላለፉት 40 ዓመታት ይህንኑ ነገር በቁጥር ለመያዝ የደከሙ ሰዎች አሉ። የደረሱበት ውጤት ደግሞ ከስሜት ያለፈ ነው፤ ከታካሚ ሞት ጋር የተያያዘ ነው።

የአክስቴ ልጅ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ናት። ባለፈው ዒድ ቤት ስንሰባሰብ አንድ ሌሊት የገጠማትን ነገረችን። ዋርዱ ሞልቷል፤ ተረኞቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዷ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተጠርታ ሄደች። የአንድ ታካሚ መድኃኒት ከሰዓቱ አለፈ። አልሐምዱሊላህ፣ ሰውየው ተርፏል። ጠዋት ላይ ግን ስብሰባው የተከፈተው «ተረኛዋ ማን ነበረች?» በሚል ጥያቄ ነበር፤ የተዘጋውም በእሷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ስንት ታካሚ ነበረባት? ሁለተኛዋን ማን ወሰዳት? በምትኳስ ማን ተመደበ? ብሎ የጠየቀ የለም። እኛ ግቢ ውስጥ የማሽን ዘንግ ሲሰበር መጀመሪያ የምንጠይቀው የተሸከመውን ጭነት ነው። ጭነቱን ሳያሰላ ዘንጉን ብቻ የሚወቅስ ተማሪ ከመምህሩ ዜሮ ነው የሚያገኘው።

በጤናው ዘርፍ ይህን አስተሳሰብ ካስያዙት ሰዎች አንዱ አቬዲስ ዶናቤዲያን ነው። ቤይሩት የተወለደ አርመናዊ ሲሆን ሕክምናን የተማረው በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ በ1966 ባወጣው ጽሑፍ የሕክምና ጥራትን በሦስት ደረጃ ከፍሎ አሳየ። አንደኛው መዋቅር ነው፦ ሰው፣ ቦታ፣ ዕቃ፣ አደረጃጀት። ሁለተኛው የሥራ ሂደት ነው፦ ለታካሚው ምን ተደረገ? ሦስተኛው ውጤት ነው፦ ታካሚው ዳነ ወይስ አልዳነም? የነርሶች የሥራ ሁኔታ ከመዋቅሩ ወገን ይመደባል። መዋቅሩ ሲጎድል ሂደቱ ይጎድላል፣ ሂደቱ ሲጎድል ውጤቱ ይበላሻል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ሂደቱ ላይ ለተገኘው ሰው ነው።

ጥያቄውን የገለበጡት ሰዎች

ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዚያ አገር የነርስ እጥረት ከባድ ነበር፤ ሆስፒታሎች ይቀጥራሉ፣ ነርሶች ይለቃሉ። የተለመደው ጥያቄ «ለምን ይለቃሉ?» የሚል ነበር። የአሜሪካ የነርሲንግ አካዳሚ ጥያቄውን ገለበጠው፦ «የማይለቁባቸው ሆስፒታሎች የትኞቹ ናቸው? እነዚያስ ምን አላቸው?» ከተጠቆሙ 165 ሆስፒታሎች ውስጥ 41ዱን መርጦ ውጤቱን እ.ኤ.አ በ1983 አሳተመ። ነርስን ስበው ስለሚያስቀሩ «ማግኔት ሆስፒታሎች» ተባሉ።

ጥያቄን መገልበጥ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከጠቅላላው ታሪክ የሚደንቀው ይህ ነው። የተሰበረውን ብቻ የሚያጠና ሰው የስብራት ዝርዝር ይዞ ይቀራል። ሳይሰበር የቆመውን የሚያጠና ደግሞ ንድፉን ያገኛል።

ከዚያ በኋላ ሥራው «ያላቸውን ነገር» ወደ መጠይቅ መቀየር ሆነ። ማርሊን ክሬመርና ባልደረባዋ በ1989 በማግኔት ሆስፒታሎች የታዩትን ባሕርያት ሰብስበው 65 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ አወጡ። በ2000 ሊንዳ ኤከንና ፓትሪሺያን ወደ 57 አሳነሱት። በ2002 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ያለችው ኢሊን ሌክ ይበልጥ አጥርታ 31 ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀረች። ዛሬ በብዙ አገሮች የነርሶች የሥራ ሁኔታ የሚለካው በአብዛኛው በዚሁ በሌክ መለኪያ ነው።

31ዱ ዓረፍተ ነገሮች ምን ይላሉ?

መጠይቁ ነርሷን «ደስተኛ ነሽ ወይ?» አይላትም። ይህን ልብ በሉልኝ። የሚጠይቃት አንድ ነገር አሁን በምትሠራበት ቦታ መኖር አለመኖሩን ነው። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» አራት ምርጫ አለ፤ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይያዝለታል። አማራጮቹ አራት ስለሆኑ መሐል ላይ መደበቂያ የለም። አምስት ቢሆኑ ኖሮ ፈራ ተባ የሚለው ሁሉ 3ን ከብቦ ይሄድ ነበር።

ዓረፍተ ነገሮቹ በአምስት ዘርፍ ተከፍለዋል። ትልቁ ዘርፍ አሥር ዓረፍተ ነገር ያለው ሲሆን ለጥራት ያለው የነርሲንግ አገልግሎት መሠረት ስለመኖሩ ይጠይቃል፦ አዲስ ተቀጣሪ ከልምድ ያለው ጋር ተጣምሮ ይለማመዳል ወይ? ለእያንዳንዱ ታካሚ የተጻፈ የነርሲንግ ዕቅድ አለ ወይ? ተከታታይ ሥልጠና ይሰጣል ወይ? ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ያለው ደግሞ ነርሶች በሆስፒታሉ ጉዳይ ላይ ያላቸውን ተሳትፎ ይመለከታል፤ በኮሚቴ መግባት፣ በውሳኔ ላይ መደመጥ፣ ዋና የነርሶች ኃላፊውን በዓይን ማየት መቻል የመሳሰሉትን። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለው የነርስና የሐኪም ግንኙነት ነው።

የቀሩት ሁለቱ ላይ ልቆይ። አንደኛው አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው ሲሆን ስለ ዋርድ ኃላፊዋ ነው። ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል ስህተት ሲፈጠር ለመማሪያ ይሆናል ወይስ ለመወቃቀሻ የሚለው አለበት። ነርሷ ከሐኪም ጋር ባለመግባባት አንድ ውሳኔ ብትወስን ኃላፊዋ ትቆምላታለች ወይ የሚልም አለ። የአክስቴን ልጅ ታሪክ የሰማ ሰው እነዚህን ሁለቱን ሲያነብ ዝም ብሎ አያልፍም።

ሁለተኛው የሰው ኃይልና የአቅርቦት ብቃት የሚባለው ነው፤ አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ አለው። ከታካሚው ጋር ጊዜ ለማሳለፍ የሚያስችል በቂ የድጋፍ አገልግሎት አለ ወይ? ከሌሎች ነርሶች ጋር ስለ ታካሚው ችግር ለመነጋገር ጊዜና ዕድል አለ ወይ? ጥራት ያለው አገልግሎት ለመስጠት የሚበቃ ነርስ አለ ወይ? ሥራውን የሚያዳርስ ሠራተኛ አለ ወይ? በቃ፣ እነዚህ ናቸው።

ስሌቱ

ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ነው። የየዘርፉ አማካይ ይወጣል፤ ከዚያ የአምስቱ አማካዮች አማካይ ይወሰዳል። የመለኪያው መካከለኛ ነጥብ 2.5 ነው። ከአምስቱ ዘርፎች በአራቱ ወይም በአምስቱ ከ2.5 በላይ ያገኘ ሆስፒታል «ምቹ»፣ በሁለቱ ወይም በሦስቱ ያገኘ «ድብልቅ»፣ ከዚያ በታች ያገኘ «የማይመች» ይባላል።

እስቲ ከራሴ በፈጠርኩት ቁጥር እንሞክረው። አንድ ዋርድ በተሳትፎ 2.2፣ በጥራት መሠረት 2.8፣ በኃላፊዋ ድጋፍ 2.6፣ በሰው ኃይል 1.7፣ በሐኪም ግንኙነት 2.9 አገኘ እንበል። አማካዩ 2.44 ነው፤ ሦስቱ ከ2.5 በላይ ስለሆኑ «ድብልቅ» ይባላል። ለመሪዎች የሚቀርበው ሪፖርት ላይ 2.44 ብቻ ቢጻፍ «ለጥቂት ነው ያለፈን» ተብሎ ይታለፋል። 1.7 የምትለዋ ግን ቀይ መብራት ናት። አማካይ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ አንድ እግሩ በረዶ ውስጥ፣ ሌላው እሳት ውስጥ ያለ ሰው በአማካይ ተመችቶታል እንደማለት ነው። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ሪፖርት ሲደርሳችሁ አምስቱን ቁጥሮች ለየብቻ ጠይቁ።

አንድ የምህንድስና ተማሪ የሚጠይቀው ሌላ ነገርም አለ። 31ዱን ነጥቦች በአንድ ላይ ደምረን ለ31 ብናካፍልስ? እንደዚያ ቢሆን ስለ ሰው ኃይል የሚጠይቁት አራቱ ከጠቅላላው 13 በመቶ ገደማ ድርሻ ብቻ ይኖራቸዋል። መጀመሪያ በዘርፍ ከተሰላ ግን 20 በመቶ ይሆናል። ሌክ ዘርፎቹን እኩል ማየቷ ሐኪም ግንኙነት ላይ ሦስት ብቻ ስለተጠየቀ ጉዳዩ ትንሽ ነው እንዳይባል ይረዳል። ቀላል የምትመስል የስሌት ምርጫ ውስጥ ፍርድ አለ።

ሴንሰሩ ይታመናል?

እዚህ ላይ ሴንሰሯ ነርሷ ናት። አንዷ ተጣልታ፣ አንዷ ደክማ፣ ሌላዋ ትናንት ተመስግና ትሞላለች። ይህ የዘፈቀደ ስህተት ነው፤ መድኃኒቱም ቁጥር ማብዛት ነው። በስታቲስቲክስ እንደተማርነው የአማካዩ መዋዠቅ በናሙናው ብዛት ካሬ ሥር እየተካፈለ ይቀንሳል፤ 25 ነርሶች ከጠየቅን መዋዠቁ የአንዷ አንድ አምስተኛ ይሆናል። የሌክ መለኪያ የአንዲትን ነርስ ስሜት ለማወቅ የተሠራ አይደለም፤ ብዙ ነርሶች ስለ አንድ ቦታ የሚሰጡትን ምስክርነት ለመሰብሰብ ነው። በአንድ ዘርፍ ውስጥ ያሉት ዓረፍተ ነገሮች እርስ በርስ መጣጣማቸው ደግሞ ክሮንባክ አልፋ በሚባል ቁጥር ይፈተሻል። በ2002ቱ ጥናት የዘርፎቹ አልፋ ከ0.71 እስከ 0.84 ነበር፤ በተለምዶ ከ0.7 በላይ ጥሩ ነው ይባላል።

ፍርሃት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ነርሶች ኃላፊያቸውን ፈርተው ከእውነቱ ግማሽ ነጥብ ከፍ አድርገው ከሞሉ፣ 25 ብትጠይቁ 2500 ብትጠይቁ ያው ግማሽ ነጥብ አብሮ ይመጣል። ይህ ዜሮው የተዛባ ሚዛን ነው፤ ደጋግሞ መመዘን አያስተካክለውም።

ኤከንና ባልደረቦቿ በ1999 በፔንሲልቬኒያ ግዛት ያደረጉት ይህን ይፈታል። ወደ ሆስፒታሎቹ ሄደው «ነርሶቻችሁን እንጠይቅ» አላሉም። ከግዛቱ የነርሶች ፈቃድ መዝገብ ላይ ግማሹን በዕጣ መርጠው መጠይቁን በፖስታ ወደየቤታቸው ላኩ። 52 በመቶው መለሱ። ነርሷ የምትሠራበትን ሆስፒታል ስም ጻፈች፤ ኃላፊዋ ግን ወረቀቱን አላየም፤ ሆስፒታሉም «አንሳተፍም» የሚልበት በር አልነበረውም። ከአንድ ሆስፒታል የመጡት መልሶች ተሰብስበው የዚያ ሆስፒታል ምስል ሆኑ። እኔ ይህን ሳነብ ከስሌቱ ሁሉ በላይ የወደድኩት የፖስታውን መንገድ ነው።

የወጣው ውጤት

በዚያ ጥናት 168 ሆስፒታሎች፣ ከ10 ሺህ በላይ ነርሶችና 232,342 የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ተካተቱ። ጽሑፉ በ2002 ወጣ። የታካሚዎቹን ዕድሜ፣ ሕመምና የቀዶ ሕክምና ዓይነት፣ እንዲሁም የሆስፒታሎቹን ትልቅነት፣ የማስተማሪያ ሆስፒታል መሆን አለመሆንና ቴክኖሎጂ በስሌቱ ካስተካከሉ በኋላ፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት «ኦድስ» በ7 በመቶ ይጨምራል የሚል ውጤት አገኙ።

ኦድስ ማለት የሞቱት ለተረፉት ያላቸው ጥምርታ ነው። 7 በመቶ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ትባዛለች እንጂ አትደመርም። ነርሷ ከአራት ወደ ስምንት ታካሚ ስትሄድ 1.07 አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል፦ 1.31። ማለትም 31 በመቶ። በጥናቱ ከ100 ታካሚ 2 ገደማ ሞተዋል። ይህን መነሻ አድርገን በቀላሉ እናስላው። ነርሷ አራት ታካሚ ሲኖራት ከ1000 ሰው 20 ይሞታሉ እንበል። ጥምርታው 20 ለ980 ነው። በ1.31 ሲባዛና ወደ ቁጥር ሲመለስ 26 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ከሺህ ስድስት ሰው። እነዚህ ስድስቱ ሲሞቱ በካርዳቸው ላይ የሚጻፈው ኢንፌክሽን ወይም ደም መፍሰስ ነው፤ «ነርሷ ስምንት ታካሚ ነበረባት» ተብሎ አይጻፍም። ስለዚህ በአንድ ዋርድ ውስጥ ቆሞ ይህን ማየት አይቻልም፤ ሊታይ የሚችለው ብዙ ሺህ ካርድ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብቻ ነው። በ2014 በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች 300 ሆስፒታሎች ላይ የወጣው ጥናትም ያችኑ 7 በመቶ ደግሞ አገኛት።

ይህን የሰማ የጤና ባለሥልጣን «እንግዲያው ነርስ እንቅጠር» ሊል ይችላል። ካሊፎርኒያ በ2004 አንዲት ነርስ ልትይዝ የምትችለውን የታካሚ ቁጥር በሕግ ወስናለች። መልካም ነው። ግን በ2011 የወጣ ሌላ የኤከን ጥናት ነገሩን አወሳሰበው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግኝት ይህ ነው። በአራት የአሜሪካ ግዛቶች 665 ሆስፒታሎች ተወሰዱና በሌክ መለኪያ የሥራ ሁኔታቸው መጥፎ፣ መካከለኛና ጥሩ ተብሎ ተከፈለ። ከዚያ ከአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ መቀነስ የሞትን ኦድስ ምን ያህል ይቀንሳል ተብሎ ተሰላ። መካከለኛ ሁኔታ ባለባቸው ሆስፒታሎች 4 በመቶ፣ ጥሩ ሁኔታ ባለባቸው 9 በመቶ። መጥፎ ሁኔታ ባለባቸው ግን ምንም ያህል ለውጥ አልተገኘም።

ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የሰው ኃይልና የሥራ ሁኔታ የሚደመሩ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ሲጨመር ውጤቱ በተወሰነ መጠን በየትም ቦታ ይሻሻል ነበር። ነገር ግን የሚባዙ ይመስላሉ፤ አንዱ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሌላውን ብታበዙት ብዙም ትርፍ የለውም። ነርሷ የምታየውን አደጋ የምትናገርበት ሰው ከሌላት፣ ሐኪሙ በሌሊት ስትደውልለት የሚቆጣት ከሆነ፣ ሁለተኛ ነርስ ቢጨመርላት ሁለት ዝም ያሉ ነርሶች ነው የሚሆኑት። ይህ የእኔ ትርጓሜ ነው፤ ቁጥሩ ግን ከዚህ ጋር ይሄዳል።

በእርግጥ እነዚህ በአንድ ወቅት የተነሡ ፎቶዎች ናቸው። ዝምድና ያሳያሉ እንጂ «ይህ ያንን አመጣው» ብለው በራሳቸው አይፈርዱም፤ ጥሩ አመራር ያለው ሆስፒታል ነርስንም ታካሚንም አብሮ ሊያሻሽል ይችላል። ሌላም ጉድለት አለ፦ መጠይቁን የሚሞሉት የቀሩት ናቸው። ተማርረው የለቀቁት ድምፃቸው የለም፤ ስለዚህ በጣም የከፋው ቦታ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ሊወጣ ይችላል።

ወደ እኛ ሲመጣ

መለኪያው አሜሪካ የተወለደ ነው፤ ያውም ከአሜሪካ ምርጥ ሆስፒታሎች ባሕርይ የተቀዳ። ከ31ዱ ውስጥ ውኃ ስለመኖሩ፣ ጓንት ስለማለቁ፣ መብራት ስለመጥፋቱ የሚጠይቅ የለም፤ የጻፉት ሰዎች እነዚህ አሉ ብለው ነው የተነሡት። አስታማሚም የለም። በእኛ ሆስፒታሎች ታካሚውን የሚያገላብጠው፣ የሚመግበው፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ ሮጦ ነርስ የሚጠራው አስታማሚው ነው። ነርሷ «ሥራውን የሚያዳርስ ሠራተኛ አለ» ብላ ብትስማማ ከሥራው ምን ያህሉን ቤተሰብ እየሠራላት እንደሆነ ቁጥሩ አይነግረንም። እህትና ወንድም ሆነን የምንሠራው ይህ ሥራ በየትኛውም የሰው ኃይል ሰንጠረዥ ላይ አይገኝም።

ቢሆንም አራቱ ዘርፎች፣ ማለትም መደመጥ፣ የኃላፊ ድጋፍ፣ የሐኪም አክብሮትና የሥልጠና መሠረት፣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ለሰው ኃይል በጀት ያስፈልጋል፤ ስህተትን መማሪያ ለማድረግ ግን የሚያስፈልገው የጠዋቱን ስብሰባ በሌላ ጥያቄ መክፈት ነው።

ማግኔት የሚለው ስም ዛሬ ከጥናት አልፎ የምስክር ወረቀት ሆኗል፤ የመጀመሪያው በ1994 በሲያትል ላለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ተሰጠ። በመካከለኛው ምሥራቅ ቀዳሚ የሆነው በ2009 የዶናቤዲያን እናት ዩኒቨርሲቲ፣ የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። ያው ማዕከል ግን ሊባኖስ በ2020 በኢኮኖሚ ቀውስ ስትመታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹን በአንድ ጊዜ አሰናብቷል። የምስክር ወረቀት የተሰጠበትን ቀን ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለማወቅ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። ማንኛውም የለካ መሣሪያ በየጊዜው ካሊብሬሽን ይፈልጋል አይደል?

የነርሲንግና የሕብረተሰብ ጤና ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ በየዶርሙ ሲዞሩ አያለሁ። ይህን መለኪያ ለመሥራት ላሰባችሁ ከመለኪያ ሰው ጥቂት ላክል። ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ ስትመልሱት ሌላ ሰው ጽሑፋችሁን ብቻ አይቶ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው አድርጉ፤ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ካልተገናኙ የለካችሁት ሌላ ነገር ነው። ስለ ውኃ፣ ስለ ጓንትና ስለ አስታማሚ የራሳችሁን ጥያቄ ጨምሩ፤ ነገር ግን ከ31ዱ ጋር ሳትቀላቅሉ ለብቻው አስሉት፤ አለበለዚያ ከሌላ አገር ውጤት ጋር ማወዳደር አይቻልም። አንድ ዋርድ ውስጥ ሦስት ነርስ ብቻ ካሉ የዋርዱን ቁጥር ለይታችሁ አታውጡ፤ ማን ምን እንደሞላ ወዲያው ይታወቃልና።

ከሁሉ በፊት ግን ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚያልፍ አስቡ። ማትሮኗ በትና ማትሮኗ የሰበሰበችው መጠይቅ 4፣ 4፣ 4 ሆኖ ይመለሳል። ስም የሌለው ወረቀት፣ የታሸገ ፖስታ፣ ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ የሚቀመጥ ሣጥን ይሁን፤ ከተቻለ ደግሞ ነርሶቹ ከሌሊት ተረኝነት ወጥተው፣ ተኝተው ከተነሡ በኋላ ቤታቸው የሚሞሉት ይሁን።